የማን ልጅ ነህ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በግንቦት ወር፣ አራት ኪሎ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ኢንተርኔት ካፌ ተቀምጬ ወረፋ እጠብቅ ነበር። ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን፣ በላስቲክ የተለበጠ የዋጋ ዝርዝር፤ ቤቷ ይህችው ናት። ከፊቴ እናትና ልጅ ነበሩ። ተራቸው ሲደርስ ልጅቷ ስልኳን ከፍታ ለባለቤቱ ወጣት አቀበለችው፤ የተናገሩት ግን እናትዮዋ ናቸው።

«እስቲ እይልን ልጄ። ዲቪ ደርሶሻል የሚል ደብዳቤ መጥቶላታል። ገንዘቡ እስከ ነገ ካልተላከ ዕድሉ ለሌላ ይሰጣል ይላል አሉ። ወንድሜ ብሩን ሊያወጣልን ባንክ ሄዷል።»

ወጣቱ ደብዳቤውን አላነበበውም። የንስሩን ማኅተም፣ ባንዲራውን፣ በትልልቅ ፊደል የተጻፈውን የእንኳን ደስ አለሽ መልእክት ሁሉ አልፎ ከላይ የላኪው ስም ያለበትን ቦታ በጣቱ ነካው። ስሙ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይላል። ደግሞ ሲነካው ከስሙ ሥር ተደብቆ የቆየው አድራሻ ወጣ። ረጅም ነው። «ዲቪ» አለበት፤ «ስቴት» አለበት፤ «ጎቭ» የሚለውም አለበት። ሁሉም ግን በሰረዝ የተቀጣጠሉ ናቸው። ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ የቀረው «ኮም» ብቻ ነው።

«እናቴ» አላቸው፣ «ይሄ ሰው ጎቭ የሚል ስም ለራሱ አውጥቷል እንጂ የጎቭ ልጅ አይደለም። አባቱ ሌላ ነው።»

ስለ ኢሜይል አድራሻ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

በእኛ አገር ሰው ሲጠራ የራሱ ስም ይቀድማል፤ የአባቱ ይከተላል፤ ከዚያ የአያቱ። የዶሜይን ስምም የሚደረደረው በዚሁ ሥርዓት ነው። ለምሳሌ «ሜይል.መሥሪያቤት.ጎቭ.ኢቲ» የሚል ስም ቢኖር ቅድመ አያቱ ኢትዮጵያን የሚወክለው ኢቲ ነው። ጎቭ የኢቲ ልጅ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የጎቭ ልጅ፤ ሜይል ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ። እያንዳንዱ ወላጅ የሚያውቀውና የሚመዘግበው የራሱን ልጆች ነው። ያለ ጎቭ ፈቃድ ማንም ከጎቭ ሥር አይወለድም። ከታች ያለው ግን ለገዛ ልጁ ያሻውን ስም ማውጣት ይችላል፤ «ባንክ» ቢለው፣ «ኤምባሲ» ቢለው፣ «ጎግል» ቢለው የሚከለክለው የለም። አጭበርባሪዎች የሚኖሩት በዚህች ነፃነት ውስጥ ነው።

ስለዚህ አድራሻ ሲመጣልን ማንበብ ያለብን ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ መጀመሪያ አያቱን፣ ቀጥሎ አባቱን። በ«ኮም» ለሚያልቅ ስም የመጨረሻዎቹ ሁለቱ፣ በ«ኮም.ኢቲ» ወይም በ«ጎቭ.ኢቲ» ለሚያልቅ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ማንነቱን ይናገራሉ። ከዚያ በስተግራ ያለው ቤተሰቡ በገዛ ፈቃዱ ያወጣው ስም ነው። ሰረዝ ደግሞ አይወልድም። የሚወልደው ነጥብ ብቻ ነው።

ኢሜይል ሲፈጠር ይህ የትውልድ ሐረግ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን የተባለ መሐንዲስ በማሳቹሴትስ ካምብሪጅ፣ ቢቢኤን በተባለ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ፣ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ኮምፒውተር መልእክት የሚያደርስ ፕሮግራም ጻፈ። ሁለቱ ማሽኖች እዚያው ጎን ለጎን የቆሙ ቢሆኑም የተገናኙት በአርፓኔት መስመር ነበር። የሰውየውን ስም ከማሽኑ ስም የሚለይ ምልክት ሲያስፈልገው @ን («አት»ን) መረጠ፤ በማንም ስም ውስጥ የማይገኝ ምልክት ነውና። በእንግሊዝኛ ሲነበብም ትርጉሙ «እዚህ ቦታ ያለው» እንደማለት ነው። ያኔ ከአት በስተቀኝ የሚጻፈው የማሽኑ ስም ብቻ ነበር፤ አባትም አያትም የለውም። በትንሽ መንደር «ከበደ» ብሎ መጥራት እንደሚበቃው ማለት ነው።

መንደሩ ሲሰፋ ግን ከበደ በዛ። የማሽኖቹ ስም ሁሉ በአንድ ፋይል ተመዝግቦ የሚቀመጠው በካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ፣ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ነበር። መዝገቡን የምትመራው ኤልሳቤጥ ፋይንለር ትባላለች። አዲስ ማሽን ያስገባ ተቋም በሥራ ሰዓት ለቢሮዋ ያሳውቃል፤ ስሙ ያልተያዘ መሆኑ ይጣራል፤ ይመዘገባል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ማሽን የታደሰውን ዝርዝር እየቀዳ ይወስዳል። የዓለም የኮምፒውተር መረብ ሙሉ የስም መዝገብ በአንዲት ሴትና በጥቂት ባልደረቦቿ እጅ ነበር ብሎ ማሰብ ዛሬ ይከብዳል። ማሽኖቹ በመቶ መቆጠር ሲጀምሩ አሠራሩ አልቻለም።

መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተቋም ይሠራ የነበረው ፖል ሞካፔትሪስ፣ በባልደረባው በጆን ፖስቴል ጥያቄ፣ ዛሬም የምንጠቀምበትን የዶሜይን ሥርዓት ነደፈ። ሐሳቡ ቀላልና ታላቅ ነው፤ ሁሉን የሚያውቅ አንድ መዝገብ መኖሩ ይቅር፤ እያንዳንዱ የራሱን ልጆች ብቻ ይወቅ፤ የልጅ ልጁን ለሚጠይቀው ደግሞ «ልጄን ጠይቀው» ብሎ ይላከው። በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ተሰየሙ፤ ለንግድ ኮም፣ ለትምህርት ኢዱ፣ ለአሜሪካ መንግሥት ጎቭ፣ ለጦር ኃይሏ ሚል፣ ለሌሎች ድርጅቶች ኦርግ። አገሮች በሁለት ፊደል እንዲጠሩ ተወሰነ። ከኮም ልጆች የመጀመሪያው ሲምቦሊክስ የተባለ የኮምፒውተር ኩባንያ ሲሆን የተመዘገበው እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 1985 ነው።

ኢቲ በዓለም መዝገብ የገባው ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ኢሜይል ራሱ ግን ቀድሞ አዲስ አበባ ደርሶ ነበር። በኢኮኖሚክ ኮሚሽን ፎር አፍሪካ ግቢ ውስጥ ይሠራ የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደብዳቤዎችን እያጠራቀመ በስልክ መስመር ከለንደን ጋር ይለዋወጥ ነበር። የተጻፈው ወዲያው አይሄድም፤ መስመሩ እስኪደወል ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1997 ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ኢንተርኔት ሲጀምር «ቴሌኮም.ኔት.ኢቲ» መጣ፤ ቀጥሎ «ኢትዮኔት.ኢቲ»። የዚያን ዘመን የንግድ ካርድ በመሳቢያው ያስቀመጠ ሰው ገልብጦ ቢያይ ያገኘዋል። የግል ነጋዴው፣ ሆቴሉ፣ ማኅበሩ፣ ሁሉም የቴሌ ልጅ ነበር። ያም ሆኖ የአገሩ ስም ከመጨረሻው ነበረ።

አሁን አንድ ደብዳቤ እንላክ። የላኪው ሰርቨር ከአት በስተግራ ያለውን ስም ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ያ የተቀባዩ ቤት ጉዳይ ነው። የሚመለከተው በስተቀኝ ያለውን ነው። ከሥር ይነሣል። በዓለም ላይ በ13 ስሞች የሚታወቁ የሥር ሰርቨሮች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱን «ኢቲን የት አገኛለሁ?» ይለዋል። ኢቲ ወደ ልጁ ይመራዋል፤ ያም ወደ ልጁ። የመጨረሻውን ሲያገኝ አንድ የተለየ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ደብዳቤህን የሚቀበልልህ ማን ነው?» ይህ ጥያቄ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የራሱ መዝገብ አለው፤ ኤምኤክስ ይባላል። መልሱ ከዶሜይኑ ስም ጋር አንድ መሆን የለበትም። አንድ ድርጅት ስሙን በራሱ ይዞ ደብዳቤውን ግን በሌላ ኩባንያ ሰርቨር ማስቀበል ይችላል። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ይህ ሁሉ ጉዞ በሰከንድ ክፋይ ይፈጸማል፤ ለማንም አያዝንም። አንድ ፊደል የጎደለው አድራሻ የሚሄደው ወደ ጎደለው ቦታ ነው። ማሊ በሁለት ፊደል ስትጻፍ «ኤምኤል» ናት። የአሜሪካ ጦር ቤተሰብ ደግሞ ሚል፤ በላቲን ሦስት ፊደል፣ ከመካከሉ «አይ» ያለበት። ያቺን «አይ» የዘለለ ሰው ለፔንታጎን የጻፈውን ለማሊ ይልከዋል። ዮሐንስ ዙርቢር የተባለ ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የማሊን ዶሜይን በኮንትራት ሲያስተዳድር፣ በማሊ ውስጥ የሌለ የአርሚና የኔቪ ቤት የሚፈልግ ጥያቄ ሳያቋርጥ ሲጎርፍ አየ። ፋይናንሻል ታይምስ በ2023 ጁላይ ታሪኩን ሲያወጣ፣ ሰውየው ከዚያው ዓመት ጃንዋሪ ወዲህ ብቻ ወደ 117,000 የሚጠጉ መንገድ የሳቱ መልእክቶችን ሰብስቦ ነበር። የሕክምና መረጃ፣ የመታወቂያ ሰነድ፣ የመርከብ ሠራተኞች ዝርዝር፣ የጦር ሰፈር ካርታ ነበረበት። የወቅቱ የምድር ጦር ኤታማዦር ሹም የጄኔራል ጄምስ ማኮንቪል የኢንዶኔዥያ ጉዞ ዕቅድም ከነሆቴል ክፍል ቁጥሩ ተገኝቶበታል። የአሜሪካ ባለሥልጣናትን ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ፔንታጎን ከራሱ አድራሻዎች ወደ ማሊ የሚወጣውን እንደሚያግድ ገለጸ፤ ከጉዞ ወኪል፣ ከኮንትራክተር፣ ከወታደሩ የግል ኢሜይል የሚነሣውን ግን ማን ያግደዋል? በዚያው ወር የሰውየው ኮንትራት አብቅቶ ዶሜይኑ ወደ ማሊ መንግሥት ተመለሰ። እዚህ ታሪክ ውስጥ ሰብሮ የገባ ሌባ የለም። የነበረው የጣት ስሕተት ብቻ ነው።

ሌብነቱን ለማየት ወደ እ.ኤ.አ. 2016 እንሂድ። የሂላሪ ክሊንተን የምርጫ ዘመቻ ሊቀ መንበር ለነበሩት ለጆን ፖዴስታ በማርች ወር ከጎግል የመጣ የሚመስል ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው፤ የይለፍ ቃልዎን አሁኑኑ ይቀይሩ ይላል። ማስፈንጠሪያው የሚወስደው አድራሻ በእኛ ፊደል ቢጻፍ እንዲህ ነው፤ «ማይአካውንት.ጎግል.ኮም-ሴኪዩሪቲሴቲንግፔጅ.ቲኬ»። ከግራ ላነበበው ጎግል ነው፤ እንዲያውም «ጎግል.ኮም» ሙሉ ለሙሉ አለበት። ከቀኝ ላነበበው ግን አያቱ ቲኬ ነው፤ ቶኬላው፣ ከኒው ዚላንድ ሥር ያለች፣ ሕዝቧ ሁለት ሺህ የማይሞላ የፓሲፊክ ደሴቶች ግዛት። ስሟ ያኔ በነፃ ይታደል ስለነበር አጭበርባሪ ሁሉ የእሷ ልጅ ሆኖ ነበር። አባቱ ደግሞ «ኮም-ሴኪዩሪቲሴቲንግፔጅ» ነው፤ አንድ ስም፣ በሰረዝ የተሰፋ። ጎግል የተባለው ልጅየው ብቻ ነበር። የዘመቻው የኮምፒውተር ባለሙያ «ሐሰተኛ ነው» ሊል አስቦ «እውነተኛ ነው» ብሎ መጻፉን በኋላ ተናገረ፤ አካውንቱም ተከፈተ። በዚያ በር የወጡት ደብዳቤዎች የምርጫው ወሬ ሆነው ሰነበቱ። ያን አድራሻ ቀስ ብሎ ከመጨረሻው ያነበበው ቢኖር ኖሮ እያልኩ ሁልጊዜ አስባለሁ።

በንግዱ ዓለም ሥራው ከዚህም ረቀቅ ያለ ነው። በላቲን ፊደል «አር» እና «ኤን» ጎን ለጎን ሲቀመጡ «ኤም» ይመስላሉ። የሩሲያው «አ» ከላቲኑ «ኤ» በዓይን አይለይም። ዕቃ አስመጪው ከለመደው አቅራቢ የሚጠብቀው ደረሰኝ ይመጣለታል፤ ተለወጠ የተባለው የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ብቻ ነው፤ አድራሻው ውስጥ አንዲት ፊደል መቀየሯን የሚያየው ብሩ ከሄደ በኋላ ነው። እንዲህ ባለው የሥራ ኢሜይል ማጭበርበር በ2023 ብቻ ለአሜሪካው ኤፍቢአይ የተመዘገበው ኪሳራ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ነበር።

አንባቢ እዚህ ላይ «አድራሻውስ ራሱ ትክክል ሆኖ ቢመጣ?» ማለቱ አይቀርም። ይመጣል። የኢሜይል ደንብ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲጻፍ ተጠቃሚዎቹ የሚተዋወቁ ተመራማሪዎች ስለነበሩ ላኪው እኔ እገሌ ነኝ ካለ ይታመናል። በፖስታ ጀርባ የፈለግነውን የላኪ ስም መጻፍ እንደምንችለው ሁሉ፣ ኢሜይልም የሰው አድራሻ ለብሶ ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ቀዳዳ በየጊዜው ጥገና ተደረገለት። ኤስፒኤፍ የተባለው፣ በዶሜይኑ ስም እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ማሽኖች በይፋ ይዘረዝራል። ዲኪም ደብዳቤው ላይ ተመሳስሎ ሊሠራ የማይችል ማኅተም ያትማል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ የመጣው ዲማርክ ደግሞ እነዚህ ሁለቱ ያልመሰከሩለት ደብዳቤ ይጣል ወይስ ይግባ የሚለውን የዶሜይኑን ባለቤት ትእዛዝ ያሳውቃል። ጎግልና ያሁ ከ2024 ፌብሩዋሪ ጀምሮ በጅምላ ለሚልክ ሁሉ ይህን ግዴታ አድርገዋል። ጥሩ ነው። ሆኖም አጭበርባሪው የገዛ ዶሜይኑን ገዝቶ ሦስቱንም ማሟላት ይችላል፤ ደግሞም ያሟላል። ማኅተሙ ልጁ የአባቱ መሆኑን ይመሰክራል እንጂ አባቱ ደግ ሰው መሆኑን አይመሰክርም።

ስም ደግሞ ኪራይ ነው፤ በየዓመቱ ይታደሳል። እ.ኤ.አ. በ1999 የገና ሰሞን ማይክሮሶፍት የፓስፖርት ዶሜይኑን ማሳደስ ረስቶ የሆትሜይል ደንበኞች ደብዳቤያቸውን መክፈት አቅቷቸው ነበር። 35 ዶላሩን ከኪሱ ከፍሎ ያስተካከለው ከኩባንያው ጋር የማይገናኝ አንድ የአሜሪካ ፕሮግራመር ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ያላሳደሰ ድርጅት ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው አይገጥመውም፤ ስሙን የወሰደ ለስሙ የሚመጣውን ደብዳቤም ይቀበላል።

የሚያሳዝነኝን ደግሞ ልናገር። ሆትሜይል እ.ኤ.አ. በ1996፣ ጂሜይል በ2004 ሲመጡ ለግለሰቡ ትልቅ በረከት ነበሩ። መሥሪያ ቤት ግን ግለሰብ አይደለም። የሥራ ማስታወቂያ፣ የጨረታ ጥሪ፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የማኅተም ዓይነት ሁሉ አርፎበት፣ ከሥሩ አድራሻው ጂሜይል ሲሆን፣ አባቱ ጎግል ነው። ጎግል የሚመሰክረው በዚህ ስም የተከፈተ አካውንት መኖሩን ብቻ ነው፤ ያንኑ ስም በአንዲት ቁጥር ለውጦ እኔም ማታ ቤቴ ተቀምጬ ልከፍተው እችላለሁ። ሕዝቡ እውነተኛውን መሥሪያ ቤት በጂሜይል ማግኘት ከለመደ፣ ሐሰተኛው በጂሜይል ሲመጣ በምን ይለየዋል? «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ እንግዳን የሚጠይቅ ሕዝብ ይህን ጥያቄ እንዲተው ያስተማርነው እኛው ነን።

ምክንያቱን አውቃለሁ። የቢሮው ሰርቨር መብራት ሲጠፋ ይሞታል፤ ባለሙያው ለቋል፤ ጂሜይል ግን ሁልጊዜ ይሠራል። ኤምኤክስን ያነሣሁት ለዚሁ ነበር። ስሙና ተሸካሚው የተለያዩ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ በኢቲ ሥር የራሱን ስም ይዞ፣ ደብዳቤውን ግን መብራት የማይጠፋበት የሌላ ኩባንያ ሰርቨር ሊቀበልለት ይችላል። ሠራተኛው ገብቶ የሚያነበው ምናልባት የለመደውን ገጽ ነው፤ ተገልጋዩ የሚያየው ግን የመሥሪያ ቤቱን ስም ነው። ያ ሠራተኛ ሲለቅም አድራሻው አብሮት አይሄድም። በራሱ ስልክ ቁጥር የከፈተውን ጂሜይል ይዞ የሄደ ሠራተኛ ስንት መሥሪያ ቤት አስቸግሯል!

በገዛ ፊደላችን የሚጻፍ አድራሻስ? ደንቡ ይፈቅዳል፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ከአት በስተግራም በስተቀኝም ያለው በማንኛውም ፊደል ሊጻፍ ይችላል፤ በ2017 የግዕዝ ፊደል ለዶሜይን ሥር የሚሆን የራሱ ደንብ ወጥቶለታል። ቀኑ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ነገር ግን «ፀሐይ»ን እንውሰድ። ፀን በጸ መተካት ይቻላል፤ ሁለት። ሐ ደግሞ በሀ፣ በኀ፣ በሃ፣ በሓ፣ በኃ ሊተካ ይችላል፤ ከነራሱ ስድስት። አንድ የምናነባት ፀሐይ ለማሽኑ አሥራ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናት። አንዱን ያስመዘገበ ነጋዴ ሌሎቹን አሥራ አንዱን ለአጭበርባሪ ትቶ እንዳይሄድ፣ ሞክሼ ፊደላት እንደ አንድ ተቆጥረው አብረው መዘጋት አለባቸው። የፊደል ሊቃውንት ለዘመናት የተከራከሩበት ጉዳይ የገንዘብ ጉዳይ ሊሆን ነው።

አራት ኪሎ ያለው ወጣት ስልኩን መለሰና በራሱ ኮምፒውተር አንድ ገጽ ከፈተ። «ዲቪፕሮግራም.ስቴት.ጎቭ»። «ኤምባሲው ዲቪ ደርሶሻል ብሎ ኢሜይል አይልክም» አላቸው፤ «ውጤቱን ራሳችሁ እዚህ ገብታችሁ ነው የምታዩት። ገንዘብ ቢኖርም የሚከፈለው ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ እዚያው ኤምባሲው ውስጥ ነው።» ልጅቷ የማረጋገጫ ቁጥሯን ከደብተሯ አወጣች፤ እሱ ጻፈ። ገጹ እስኪከፈት ሁላችንም ዝም አልን። አልተመረጠችም።

እናትዮዋ አላለቀሱም። «ለአጎትሽ ደውዪለት» አሏት፣ «ከባንክ ሳያወጣው።»

ልጅቷ እየደወለች ወደ በሩ ወጣች። እናትዮዋ ሒሳቡን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ቆጠሩና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወጣቱን ጠየቁት፤ «የላኩት ገንዘብ መመለሻ አለው እንዴ? ለጎረቤቴ ልጅም ይኸው ደብዳቤ መጥቶለት ነበር። እሱ ትናንት ልኳል።»